የወላጆቻችንን ግፊት ቤት ውስጥ እንዴት እንለካ፦ አንጎላቸውን እያሰብን

ጎንደር ውስጥ የግፊትና የስኳር ክትትል በሚደረግበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው እናታቸው ወይም አባታቸው ግፊት ላለባቸው፣ መለኪያ ለገዙ ወይም ለመግዛት ላሰቡ ልጆች ነው። ግፊት ሲባል ብዙ ሰው ልቡን ያስባል። እኔ ግን በሥራዬ አብዝቼ የማየው አንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፦ አንድ ጎኑ የዛለበት ገበሬ፣ ንግግሯ የተሳሰረባት እናት፣ እንዲሁም ምንም ሕመም ሳይሰማቸው የለመዱትን ዳዊት መድገም እየከበዳቸው የሄደ አባት። ስለዚህ አለካኩን የማስረዳው ከአንጎል ተነሥቼ ነው።

በቅርብ ዓመታት ካነበብኳቸው የሕክምና ጽሑፎች ሁሉ እዚህ ከተማ ላለን ሰዎች የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት የጂያንግ ሄ ጥናት ነው። ጂያንግ ሄ በአሜሪካ ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ የሠሩ የኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና ዘርፍ፣ ተመራማሪ ናቸው። ጥናቱ የተካሄደው ግን በቻይና ገጠር ነው፤ በ326 መንደሮች፣ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ በሆነ፣ ግፊታቸው ከቁጥጥር በወጣ 33,995 ሰዎች ላይ። በግማሾቹ መንደሮች ሥራው ሙሉ የሐኪም ትምህርት ለሌላቸው የመንደር ጤና ሠራተኞች ተሰጠ። እነሱም ሥልጠና ወሰዱ፤ ቀላል የመድኃኒት ቅደም ተከተል ተሰጣቸው፤ ሐኪም ከበላይ እየተከታተላቸው ግፊቱን ከ130/80 በታች (የላይኛው ቁጥር 130፣ የታችኛው 80) ለማድረስ ሠሩ። ታካሚዎቹም ቤታቸው የሚለኩበት መሣሪያ ተሰጣቸው። ከ4 ዓመት በኋላ የላይኛው ቁጥር፣ እንደ ወትሮው ሲታከሙ ከቆዩት መንደሮች ጋር ሲተያይ፣ በ22 ገደማ ወርዶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት ደግሞ የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ መቀነሱን አሳየ።

15 በመቶ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ላብራራ፤ ቁጥሩ ሲነገር ሰው የየራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ሰው 20 የመርሳት በሽታ የሚይዛቸው ቢሆን ኖሮ፣ በ15 በመቶ ሲቀንስ 17 ይሆናሉ ማለት ነው። ለሁሉም ሰው የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ግን ሦስት እናቶች የልጆቻቸውን ስም ሳይረሱ ያረጃሉ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ትንሽ ነገር አልለውም። ከሁሉ በላይ የነካኝ ደግሞ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ማንነት ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም በሌለበት ቦታ ሕዝቡን የሚያገለግሉ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለማፍራት ነበር። እኛ የዚያ ሐሳብ ልጆች ነን። የቻይናው ጥናት ይህ ሐሳብ ለአንጎልም እንደሚሠራ በቁጥር አሳይቷል። እናንተም ቤታችሁ በትክክል ከለካችሁ የዚሁ ሥራ አካል ናችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

መሣሪያውን መምረጥ

ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ በባትሪ የሚሠራውንና ራሱ የሚነፋውን ግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ያምራል፣ ለመያዝም ይቀላል፤ ነገር ግን እጁ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቁጥሩ ይለዋወጣልና አልመክረውም። በእጅ እየተነፋ በጆሮ የሚደመጠው ደግሞ ሥልጠና ይፈልጋል። መብራት ስለሚጠፋ መለዋወጫ ባትሪ ቤት ውስጥ ይኑር፤ ባትሪው ሲደክም መሣሪያው ምልክት ያሳያል፣ ያን ጊዜ አትለኩበት።

ከዋጋው በፊት የማሰሪያውን ልክ እዩ። ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱና የእናታችሁን ክንድ በትከሻና በክርን መካከል፣ እኩሌታው ላይ፣ ዙሪያውን ለኩ። ማሰሪያው ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ እንደሚሆን ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ከ22 እስከ 32 ነው። ክንዷ ወፍራም ሆኖ ማሰሪያው ከጠበበ ቁጥሩ ያለ ቦታው ይሰቀላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በጣም ሰፊ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በ20 ገደማ ከፍ ብሎ እንደታየ አግኝቷል። በ20 ልዩነት ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይጀመርለታል። በተቃራኒው ከገጠር የሚመጡ ቀጫጭን እናቶቻችን ክንድ ላይ መደበኛው ማሰሪያ ሰፊ ሆኖ ግፊታቸውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም «ደህና ነሽ» ተብለው ይሄዳሉ።

ፒያሳ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ አውጥቶ ክንዳችሁ ላይ እንዲሞክረው ጠይቁ። ከገዛችሁ በኋላ በቀጠሮ ቀን ይዛችሁት ኑና ከጤና ተቋሙ መለኪያ ጋር ይተያይ። በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ማድረግ ይበቃል።

አቀማመጥ፦ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ነው

ጎንደር ቤት ውስጥ የምንቀመጠው መደብ ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ ወይም ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ነው። ሦስቱም ለግፊት መለኪያ አይሆኑም። በርጩማው የጀርባ መደገፊያ የለውም፤ ዝቅ ያለው ሶፋ ደግሞ ጉልበትን ከፍ፣ ሆድን ጥብቅ ያደርጋል። የምትፈልጉት መደገፊያ ያለው ተራ ወንበርና አጠገቡ የሚቀመጥ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ጋቢ አጣጥፋችሁ ወይም ትራስ አድርጋችሁ ክንዱ የሚያርፍበትን ከፍ አድርጉት፤ ማሰሪያው የታሰረበት ቦታ ከልብ ጋር እኩል ይሁን፤ በጡት ጫፍ ልክ ማለት ነው።

የእጁ ነገር ቀልድ አይደለም። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ይህን ለይቶ መርምሮታል። እጅ ጭን ላይ ሲቀመጥ የላይኛው ቁጥር በ3.9፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል በ6.5 ከፍ ብሎ ተገኘ። በኮሪደርና በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ቆም ብሎ፣ እጅን አንጠልጥሎ የሚለካው ልኬት ስንቱን ሰው እንዳስደነገጠ አስቡት።

እግሮች መሬት ይርገጡ፣ አይጣመሩ። ወላጆቻችን ቁምጣቸው እንዳይታይ ወይም ከልማድ እግራቸውን ያጣምራሉ፤ በትሕትና «እማማ፣ እግርሽን ዘርጋ አድርጊው» በሉ። ክረምት ላይ ብርዱ ስለሚከብድ እናቶች ሹራብ ላይ ሹራብ ይደርባሉ። ማሰሪያው በሹራብ ላይ አይታሰር፤ እጅጌውን መጠቅለልም አይበጅም፣ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዱን ያንቃልና። አንዱን እጅ ከሹራቡ ማውጣት ነው፤ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። ማሰሪያው ከክርኗ በላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፤ ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ከሥሩ መግባት ይችል።

ጊዜውስ? ጠዋት፣ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ሽንት ቤት ደርሰው፣ መድኃኒት ሳይውጡ፣ ቡና ሳይጠጡ። ሽንት ይዞ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ቡና ከተጠጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ሦስት ስኒ እስከ በረካ የጠጣች እናት ግን ከዚያም በላይ ብትቆይ ይሻላል። ሲጋራ የሚያጨስም እንዲሁ። ቅዳሴ የሚሄዱ አባት ከሆኑ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ አትለኳቸው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሶ ለመመለስ ስንት ዳገትና ቁልቁለት እንዳለ ታውቃላችሁ። ወይ ከመሄዳቸው በፊት፣ ወይ አረፍ ካሉ በኋላ ይሁን። ሁለተኛው ልኬት ማታ ከመኝታ በፊት ነው።

ከተቀመጡ በኋላ አምስት ደቂቃ ዝም ይባል። ይህ ለጎንደር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ትእዛዝ ነው። እኛ ሰላምታችን ረጅም ነው፤ «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ» ሳይባል ሰው አይቀመጥም። ግን ንግግር የላይኛውን ቁጥር በ10 ያህል ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ሰላምታው ይጨረስ፣ ጎረቤት ከመጣ ይጠበቅ፣ ቴሌቪዥን ይዘጋ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አምስቱን ደቂቃ በልባቸው መጸለይ የሚፈልጉ ይጸልዩ። መሣሪያው መንፋት ሲጀምር እናንተም አታውሯቸው። «ስንት አለ? ስንት አለ?» የሚለው ጥያቄ ከመጠናቀቁ በፊት ይመጣል፤ መልሱን ለኋላ አቆዩት።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው በአንድ ምክንያት ነው። በጥናቶች የምንሰማቸው ቁጥሮች የተለኩት እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣው ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ ጥናት 9,361 ሰዎችን ይዞ የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ማድረግን ከ140 በታች ከማድረግ ጋር አወዳደረ። የእነዚያ ሰዎች ግፊት የሚለካው አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ራሱ በሚሠራ መሣሪያ፣ ሦስት ጊዜ ተወስዶ አማካዩ ተይዞ ነበር። ሮጠው መጥተው በወረፋ መካከል የተለኩትን 140 ከዚያ 120 ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ደብተሩ

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንዶች ለኩ፤ ከፍ ያለውን ያሳየው ክንድ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚለካው ይሁን። በሁለቱ መካከል ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ለሐኪም ይነገር። ከዚያ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እየጠበቃችሁ፣ ማታም እንዲሁ ሁለት ጊዜ፤ ይህን ለሰባት ቀን። ከቀጠሮ በፊት ያለው ሳምንት ለዚህ ይመረጣል። በየቀኑ ዓመቱን ሙሉ መለካት አያስፈልግም፤ አንዳንድ ሰው ጭንቀቱ ራሱ ይጎዳዋል።

የልጅ የትምህርት ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የላይኛው፣ የታችኛው፣ የልብ ምቱ፣ መድኃኒቱ መወሰዱ ይጻፍ። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ጻፉት፤ መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት የሚያስቀምጠውን ካመናችሁ ጠዋቱና ማታው ይዘባረቃል። ቁጥሩን አታሳምሩት። 147 ከሆነ 147 ይጻፍ፤ 150 ወይም 145 አይባል። መጥፎ የመሰላችሁንም አትሰርዙ። መሣሪያው የልብ ምት እንደተዛባ ምልክት ካሳየና ምልክቱ ከተደጋገመ አጠገቡ ኮከብ አድርጉ። አንድ ዓይነት የልብ ምት መዛባት ደም ልብ ውስጥ እንዲረጋና ወደ አንጎል እንዲሄድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) መነሣት ያስፈልገው ይሆናል።

በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያውን ቀን ተዉና የቀሩትን ደምራችሁ አካፍሉ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል፤ ጤና ተቋም ውስጥ የሚያዘው 140/90 ነው። የሚታከም ሰው የት ድረስ መውረድ እንዳለበት ግን በዕድሜው፣ በኩላሊቱና በሌላ ሕመሙ የሚወሰን ስለሆነ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የሚያጠራቅመው ስንቅ ስለሌለው ደሙ ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ስለዚህ የአንጎል ደም ሥሮች ግፊት ሲጨምር ይጠብባሉ፣ ሲቀንስ ይሰፋሉ፤ የሚፈሰው ደም መጠንም ያው ሆኖ ይቆያል። ዴንማርካዊው ኒልስ ላሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ይህን የአንጎል ጠባይ ግልጽ አድርጎ አስቀመጠው። ጤነኛ ሰው ላይ አማካይ ግፊቱ (ከላይኛውና ከታችኛው ቁጥር ተጣምሮ የሚሰላው) ከ60 እስከ 150 ባለው ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ የአንጎሉ ደም ብዙም አይለወጥም ተብሎ በትምህርት ቤት የምንማረው ከዚያ የመጣ ነው።

ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ሰው ግን የደም ሥሮቹ ግድግዳ ይወፍራል፣ መለጠጡም ይቀንሳል፤ ያ ወሰን ራሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህ ለቤት ውስጥ ሥራችን ትልቅ ትርጉም አለው። ለእናንተ ደህና የሚመስል ግፊት ለእሳቸው አንጎል በድንገት ሲመጣ ዝቅተኛ ይሆናል። «ዛሬ 180 ሆነ» ብሎ ኪኒን መደረብ፣ ወይም የሰው መድኃኒት ተውሶ ከምላስ ሥር ማድረግ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ። ግፊት በሳምንታትና በወራት ነው የሚወርደው።

ሌላው ነገር ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ናቸው። በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ከትልልቆቹ ላይ በቀጥታ ይነሣሉ፤ ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሌሊት በኃይል ሲለቀቅ ከዋናው ቧንቧ ላይ የተቀጠለችው ቀጭን ጎማ የምትፈነዳውን ያህል ጫናው በቀጥታ ያርፍባቸዋል። ይፈነዳሉ፣ ወይም ቀስ በቀስ ይዘጋሉ። ሲዘጉ የሚሞተው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ላያውቀው ይችላል። ግን ሲደጋገም እርምጃው ይዘገያል፤ ሒሳብ ማቀድ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማሰብ ይከብደዋል፤ ጠባዩም ይለወጣል። ቤተሰብ «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል። ከደብተሩ ጀርባ ይህንንም ጻፉት፦ እማማ ገበያ ደርሳ የምትገዛውን መርሳት የጀመረችው መቼ ነው? አባባ ደረጃ ሲወጡ መንገዳገድ የጀመሩት ከየትኛው በዓል በኋላ ነው? ለሐኪሙ እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከአንድ ልኬት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ዕድሜም አለበት። ዋይትሆል ሁለት የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች የረጅም ዘመን ክትትል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ በ50 ዓመታቸው የላይኛው ቁጥራቸው 130ና ከዚያ በላይ የነበረ ሰዎች በኋላ ዘመናቸው ለመርሳት በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ስለዚህ እናታችሁን ስትለኩ 50 የሞላችሁ ልጆች ራሳችሁንም ለኩ። ያ ስፕሪንት የተባለው ጥናት ተከታዩን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያወጣ ደግሞ ግፊታቸው ይበልጥ እንዲወርድ የተደረገላቸው ሰዎች ላይ መለስተኛው የማስታወስ መቀነስ በ19 በመቶ አነሰ። ሙሉ የመርሳት በሽታውም ቀንሶ ታየ፤ ነገር ግን ልዩነቱ አጋጣሚ ሊሆን አይችልም ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። የስኳር በሽታ ያለባቸውና ከዚህ በፊት ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት) የመታቸው ሰዎችም በጥናቱ አልተካተቱም። ጥናት ሲነገራችሁ ማን ላይ እንደተሠራ ጠይቁ።

ቆሞ መለካት

አረጋውያን ላይ ይህ ፈጽሞ አይቀር። ተቀምጠው ወይም ጋደም ብለው ከተለኩ በኋላ ይቁሙና በአንድ ደቂቃና በሦስት ደቂቃ ይለኩ፤ እጃቸውን በልብ ልክ ደግፉላቸው፣ እናንተም አጠገባቸው ቁሙ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10ና ከዚያ በላይ ከወረደ ጻፉትና ለሐኪም ንገሩ። በተለይ በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ቀኑን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ ሲሰገድ ዓይናቸው ጨልሞባቸው የሚወድቁ እናቶች አሉ። ሰው ይህን በድካም ብቻ ይተረጉመዋል፤ መድኃኒቱና የውኃ ጥሙ ተጋግዘው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት፣ ጾምና ጨው

ብዙ ሰው በጾም ወራት የጠዋቱን ኪኒን ይተዋል። ይህን ለማዳን የሚረዳ ጥሩ ጥናት አለ። ታይም የተባለው የብሪታንያ ጥናት 21,104 ሰዎችን ይዞ የግፊት መድኃኒትን ጠዋት መውሰድንና ማታ መውሰድን አወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤት ከድንገተኛ የልብ ሕመምና ከስትሮክ በመጠበቅ ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ያላቸው አባት እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ወደ ማታ ሊዛወርላቸው ይችላል። ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ውኃ ሳይጠጣ በሚዋልበት ቀንም ሐኪሙ ሊያየው ይገባል። ለንስሐ አባታቸውም ይነገር። እኔ የማውቃቸው አባቶች «መድኃኒትህን ተው» አይሉም፤ ያልተጠየቁት ግን ሊመልሱ አይችሉም። ጠበልም እንዲሁ ነው፤ ጠበል የሚሄዱ ኪኒናቸውን ይዘው ይሂዱ። ቁጥሩ ጥሩ የሆነው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ጥሩ ሲሆን ማቋረጥ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ለጉልበት ሕመም ተብሎ በየጊዜው የሚገዛው ዲክሎፌናክም ግፊት ከፍ ያደርጋልና ለሐኪሙ ሳይነገር አይወሰድ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። በእኛ ቤት ችግሩ ወጡ ላይ የምንጨምረው ብቻ አይደለም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይፈጫል። ግፊት ላለበት ቤት በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይዘጋጅ። ጨው ድስቱ ላይ ብቻ ሲገባ ስንት እንደገባ ይታያል። በቻይና በ600 መንደሮች የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሌላ ጥናት ከፊሉ ሶዲየም በፖታሲየም የተተካ ጨው የተጠቀሙ ሰዎች ላይ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። እንዲህ ያለውን ጨው ካገኛችሁ ኩላሊቱ ለታመመ ወይም ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠየቅ አትስጡ።

መለካት ትታችሁ የምትሮጡበት ጊዜ

ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም ከጠፋ፣ በድንገት ዓይን ከጨለመ ወይም ከዚህ በፊት ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ፣ መለኪያውን ተዉት። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ መጭመቅም ጊዜ ይበላል። መጀመሪያ የምታደርጉት ሰዓቱን ማየት ነው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው? በደም መርጋት የመጣ ስትሮክን የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነውና ሐኪሙ ይህንን ይጠይቃችኋል። ምንም አታጉርሷቸው፣ ውኃም ቢሆን፤ መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አስፕሪን አትስጡ፤ ደም ፈስሶ ይሁን ረግቶ የአንጎልን ፎቶ በሚያነሣው ሲቲ ስካን ሳይታይ አይታወቅም። የግፊት ኪኒንም አትጨምሩ። በጎናቸው አስተኝታችሁ፣ ከአዘዞም ሆነ ከማራኪ፣ ያገኛችሁትን መኪና ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቁጥሩ 180/120ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደረት ሕመም፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከላይ ካልኳቸው ምልክቶች አንዱ ካለም እንዲሁ ሂዱ። ምንም ምልክት ከሌለ ግን አረፍ ይበሉ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ መድኃኒት ረስተው እንደሆነ ጠይቁ። አሁንም ያው ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ለቀጠሮ ስትመጡ ደብተሩን ከሰባቱ ቀን አማካይ ጋር፣ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፣ መለኪያውንም ከነማሰሪያው በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ኑ። ወረፋው ረጅም ስለሆነ የምትጠይቁትን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፦ ለእሳቸው የሚፈለገው ቁጥር ስንት ነው? ሲቆሙ የሚወርደው ከመድኃኒቱ ነው? ኩላሊታቸው መቼ ነው የሚመረመረው? ማስታወሳቸውስ ይታይላቸዋል?